ድልድዩን ያቃጠለው የድልድይ ዘበኛ

ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወጣው መንገድ ላይ፣ ሜዳው አልቆ ዳገቱ ሳይጀምር፣ ጥቁር ውኃ የሚባል ትንሽ ወንዝ አለ። በክረምት ዳርቻውን ሁሉ ያጥለቀልቃል፤ በበጋ ግን ጥጃ እንኳ ዘሎ ይሻገረዋል። ዛሬ ድልድዩ ሲሚንቶ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው እግሮቹ ድንጋይ፣ ተሸካሚዎቹ የጽድ ግንድ፣ ላዩ ሳንቃ ነበር። እንጨቱ እንዳይበሰብስ ሬንጅ ስለተቀባ፣ ፀሐይ ሲበረታ ያልበውና በሚያልፈው ከብት ሰኮና ላይ ይጣበቅ ነበር።

የዚያ ድልድይ ዘበኛ ደሳለው ይባላል። የዚያው አገር ገበሬ ነው፤ መሬቱም ከወንዙ ዳር ነበር። ድልድዩ ሲሠራ ግንድ ተሸክሟል፣ ሳንቃ መትቷል። ሥራው ሲያልቅ የመንገድ ሠራተኞቹ አለቃ፣ ሰው ሁሉ «ካፖ» የሚለው ማናዬ፣ ጉልበቱንና ቅንነቱን አይቶ ዘበኛ አደረገው። ካኪ ኮትና ፊሽካ ሰጠው። ከድልድዩ አፍ አንድ በርሜል አቆመለትና እንዲህ አለው፦

«ደሳለው፣ ይህን ድልድይ ጎርፍ አይወስደውም፤ እግሩ ድንጋይ ነው። የሚገድለው እሳት ነው። ሥሩ እሳት አይነድ። ዙሪያው ደረቅ ሣር አይቁም። በርሜሉ ውኃ አይጉደል። ሌላ የምልህ የለም።»

ደሳለው ቃሉን ጠበቀ። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ሣሩን በማጭድ አጨደ፣ በርሜሉን ሞላ፣ ከድልድዩ ሥር ሊያድሩ የሚሞክሩ ነጋዴዎችን አስነሣ። ችግሩ ኮቱ ነው። «ያን ኮት ከለበሰ ወዲያ አንገቱ መታጠፍ እንቢ አለ» ትል ነበር ባለቤቱ እማዋይሽ። ይህንም ታሪክ አብዛኛውን የሰማሁት ከእሷ ነው።

በዚያን ጊዜ ታይቱ የምትባል ባሏን የርብ ወንዝ ሙላት የወሰደባት ሴት ነበረች። በገበያ ቀን ወደ ወረታ ለሚወርደው ሰው ጠላና ቆሎ ትሸጣለች። በሜዳው ላይ ጥላ የሚባል ነገር ስለሌለ፣ ከድልድዩ ሥር ሦስት ጉልቻ ጎልታ ሽምብራዋን እዚያ ትቆላለች። ደሳለው ሁለት ሦስት ጊዜ በመልካም ቃል ነገራት። እሺ ትላለች፤ በሚቀጥለው ገበያ ጉልቻዋ እዚያው ነው።

አንድ ቀን ገበያተኛው ከድልድዩ ሥር ሞልቶ ተቀምጦ ሳለ ደሳለው ወረደ። ዕድሜውን ሙሉ እትዬ ሲላት የኖረውን ሴት፣

«አንቺ ሴትዮ! እዚህ እሳት አይነድም አላልሁሽም?» አላት።

«ልጄ፣ ፀሐዩ አናቴን በሳው» አለች ታይቱ፣ ሽምብራውን እያመሰች። «ከጥላው ልቀመጥ ብዬ ነው እንጂ፣ ድልድይህን ቆልቼ ልሸጠው መሰለህ?»

ሰው ሳቀ። ነገሩ በዚያ ቢያበቃ ደግ ነበር። ደሳለው ግን ሳቁን መሸከም አቃተው። እግሩን አነሣና ጉልቻውን ፈነቀለው። ምጣዱ ከሁለት ተሰነጠቀ፤ ሽምብራው ጭቃ ውስጥ ተበተነ። ሳቁ ተቋረጠ። ታይቱ ተንበርክካ ሽምብራውን ከጭቃው እየለቀመች በነጠላዋ ጫፍ ትቋጥር ጀመር። ደሳለው ከአናቷ ቆሞ ያያል። ትእዛዙስ ትክክል ነበር፤ እዚያ እሳት መንደድ የለበትም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ታይቱ በድልድዩ ስታልፍ ወዲያ ዞሮ አንድ ነገር የሚፈልግ ይመስል ነበር።

በ1950 ዓ.ም. ክረምቱ ጥጋብ ሆነና ሣሩ እስከ ወገብ አደገ። ደሳለው የራሱ ጤፍ ውቂያ ዘገየበት፤ የድልድዩን ዙሪያ ሳያጭድ ጥር አለፈ። በየካቲት አገሩ ሁሉ አሮጌውን ሣር እያቃጠለ ለከብቱ አዲስ ለምለም ያወጣል። የደሳለው የግጦሽ መሬት ከወንዙ ዳር ካለው ከድልድዩ ሣር ጋር የተያያዘ ነበር። አንድ ጠዋት ቆሞ ሲያየው ገና ወገቡን አመመው። ማጭድ ይዞ ስንት ቀን ከማጎንበስ፣ በአንድ ክብሪት የራሱንም የድልድዩንም ቢጨርስ ምን ነበረበት? ጠዋት ነፋስ የለም። በርሜሉ እንኳ ቢጎድል ወንዙ ቅርብ ነው። በእርግጥ በርሜሉ ከጥምቀት ወዲህ አልተሞላም፤ ጥጆቹ ጠጥተው አጉድለውት ነበር።

ክብሪቱን ጫረ። ጤዛው ገና አልረገፈም ነበርና ሣሩ ጨሰ እንጂ አልነደደም። ጥቂት ጠበቀ፤ ጭሱም ሳሳ። ጠፋ ብሎ ከብቶቹን ሊያጠጣ ወደ ታች ነዳ።

ከቀትር በፊት የጣና ነፋስ ተነሣ። ደሳለው ቀና ሲል ከድልድዩ በኩል ጥቁር ጭስ ቆሟል። የሣር ጭስ ነጭ ነው፤ ጥቁሩ የሬንጅ እንደሆነ ወዲያው ገባው። ከብቶቹን ጥሎ ሮጠ። ሲደርስ በወረታ በኩል ያለው ተሸካሚ ግንድ ተያይዟል፤ ሬንጁ እየቀለጠ፣ እየነደደ፣ ጠብ ጠብ እያለ ሥሩ ያለውን ሣር ያቀጣጥላል። በርሜሉን አየ፤ ከሥሩ አረንጓዴ ዝቃጭ ብቻ ቀርቷል። ከዚያ ያደረገውን ኋላ ባሰበው ቁጥር ፊቱን በእጁ ይሸፍን ነበር፤ ፊሽካውን ነፋ። ከሚነደው ድልድይ ፊት ቆሞ፣ ኮቱን እንደለበሰ፣ ፊሽካ ይነፋል።

ታይቱ አህያዋን ጭና ወደ ገበያ ስትወርድ የደረሰችው ያን ጊዜ ነው። አህያዋ ላይ ሁለት እንስራ ጠላ ነበር። ሴትዮዋ አላመነታችም። አንዱን እንስራ አውርዳ እሳቱ ገና ባልያዘው በመካከለኛው ግንድ ላይ ደፋችው። ሁለተኛውንም አወረደች።

«ምን ትነፋለህ!» ብላ ጮኸችበት። «ሳንቃውን ንቀል እንጂ! ወዲያ ማዶ እንዳይሻገር ንቀለው!»

ጭሱን አይቶ ጎረቤቱ አድማሴ መጥረቢያ ይዞ ደረሰ። ሁለቱ መካከለኛውን ሳንቃ እየፈነቀሉ ወንዝ ውስጥ ወረወሩት። ታይቱ ነጠላዋን በውኃ እየነከረች ግንዱን ትደበድብ ነበር። አንዲት የሬንጅ ጠብታ የቀኝ እጇ ጀርባ ላይ ወረደችና ሥጋዋ ላይ ሆና ነደደች። የወረታው ወገን ተሰብሮ ወንዝ ውስጥ ወደቀ፤ የማዶው ግማሽ ተረፈ። ሰው ከየአቅጣጫው ሲሰበሰብ እሳቱ እያበቃ ነበር።

የድልድይ መቃጠል የመንግሥት ነገር ነው። የወረዳው ሹም መጣ፤ በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ካለው ዋርካ ሥር አውጫጭኝ ተጠራ። አጥፊው እስኪታወቅ ያገሩ ወንድ ሁሉ እዚያው ይውላል፤ ማንም ወደ ሥራው አይሄድም። እያንዳንዱ እየተነሣ «አላየሁም፣ አልሰማሁም» ብሎ ይምላል። ሕዝቡ መሬት ላይ ተቀምጦ ሳለ ደሳለው ኮቱን ለብሶ ከሹሙ ወንበር አጠገብ ቆሞ ነበር። ዘበኛ ነዋ፤ ከከሳሽ ወገን ነው።

«አንተ የት ነበርህ?» አለው ሹሙ።

«ከብት ላጠጣ ወርጄ ነበር፣ ጌታዬ።»

«እሳቱ ከየት መጣ?»

«ከሜዳው ነው። ሰደድ እሳት ነው። ለኳሹን አላየሁም።»

ከአፉ ሲወጣ ቀላል ነበር። አድማሴ ከፊት ለፊቱ ተቀምጦ መሬቱን በበትሩ ይቆፍራል። ተራው ሲደርስ ተነሥቶ «ሲለኮስ አላየሁም» ብሎ ማለና ተቀመጠ።

ከሰዓት በኋላ፣ ሰው በረኃብ ሲሰለች፣ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሰው «ከድልድዩ ሥር እሳት የምታነድ ሴት ነበረች፤ ዘበኛውም ተጣልቷት ነበር» አለ። ሹሙ ጠርተው ያምጧት አለ። በአውጫጭኝ ሴት መጥራት ያልተለመደ ነው፤ ታይቱ ያን ሁሉ ወንድ አቋርጣ መጥታ ቆመች። እጇ በቅቤ ተለውሶ በጨርቅ ተጠቅልሏል።

«ከድልድዩ ሥር እሳት ታነጂ ነበር?»

«አነድ ነበር፣ ጌታዬ።»

«ያን ቀንስ?»

«ያን ቀን ጠላ ጭኜ ገበያ እወርድ ነበር። ጠላውም እሳቱ ላይ ቀረ።»

«ታዲያ ማን ለኮሰው?»

ታይቱ ያን ጠዋት ውኃ ልትቀዳ ወርዳ ሳለ ደሳለው ሣሩ ውስጥ ቁጢጥ ብሎ ክብሪት ሲጭር አይታዋለች። እሱም ማየቷን ያውቃል፤ ዓይን ለዓይን ተጋጥመው ነበር። አሁን ከእሱ ሁለት እርምጃ ርቃ ቆማለች። ደሳለው አንዲት ቃል ቢተነፍስ ሴትዮዋ ወደ ቤቷ ትሄድ ነበር፤ አልተነፈሰም።

«ሰደድ ጌታ የለውም፣ ጌታዬ» አለች ታይቱ።

ሹሙ ቢያስፈራራ ቢቆጣ ከዚህ ሌላ አላገኘም። በመጨረሻ «አጥፊው ካልወጣ ያገሩ ሰው ግንዱን ከተራራ እየጎተተ ድልድዩን ይተክላል» ብሎ ፈርዶ ተነሣ።

በማግሥቱ ደሳለው ታይቱን ከውኃ መንገድ ላይ ጠብቆ «እግዜር ይስጥልኝ» ሊላት ሞከረ። ሴትዮዋ እንስራዋን እንኳ አላወረደችም።

«ላንተ ብዬ መሰለህ?» አለችው። «አንተን ቢያስሩህ ሌላ ዘበኛ ይመጣል፤ እሱ ደግሞ እንደ አዲስ ያባርረኛል። አንተስ ከእንግዲህ የምታባርረኝ አይመስለኝም።»

መጋቢት ላይ ጉተታው ተጀመረ። ሁዳዴ ነው፤ ሰው ጾሞ፣ ፀሐይ አናቱን እየመታው፣ ከዳገቱ ግንድ በጠፍር እያሰረ በበሬ ይጎትታል። ደሳለው ከማንም በፊት ይመጣል፣ ከማንም በኋላ ይሄዳል። ኮቱን አውልቆ ከባዱን ጫፍ ይይዛል። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረውም። «አይዞህ»፣ «በርታ» ይሉታል። ለእማዋይሽ እንደነገራት ቢሰድቡት ይቀለው ነበር።

አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ ጠፍሩ ተበጠሰና ግንዱ ተንከባሎ የአድማሴን በሬ ቡሬን የኋላ እግሩን ሰበረው። ከዚያው አረዱት። ጾም ነውና ሥጋውን የሚቀምስ አልተገኘም፤ አሞራ ወረደበት። አድማሴ ቆዳውን ጠቅልሎ ትከሻው ላይ አድርጎ «ድልድይ መቼም ያለ በሬ አይቆም» ብሎ፣ ሊስቅ ሞክሮ፣ ወደ ቤቱ አቀና። የነበረው ያ አንድ ጥማድ ብቻ ነበር። የእርሻው ወራት ደግሞ ደርሷል።

ደሳለው ቤቱ ገባ። ከሁለቱ በሬዎቹ የሚሻለውን ፈታና እየነዳ ወደ አድማሴ ደጅ ሄደ። እማዋይሽ ከበር ቆማ አየችው፤ ወዴት እንደሚሄድ አልጠየቀችም።

«አያ አድማሴ» አለ፣ ገመዱን እንደያዘ። «እሳቱን የለኮስሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለ አድማሴ።

«ታውቃለህ?»

«ጭሱ ከማን መሬት እንደተነሣ የማላውቅ ዕውር መሰልሁህ? ይህ አገር ሁሉ ያውቃል።»

«ታዲያ እንዴት ማልህ?»

«ጭስ እንጂ እጅ አላየሁም። ሲለኮስ አላየሁም ነው ያልሁት።» አድማሴ በሬውን ዞሮ አየው፣ ጎኑን ዳሰሰው። «በሬውን ግን እወስደዋለሁ። ልጆቼ እርሻ ይፈልጋሉ።»

ገመዱን ተቀብሎት ገባ። ደሳለው በሬ መስጠቱ አልከበደውም። የከበደው «አውቃለሁ» የሚለው ቃል ነው። ያን ቀን ከዋርካው ሥር፣ ከሹሙ ወንበር ጎን ተኮፍሶ «ለኳሹን አላየሁም» ሲል፣ የተቀመጠው ሰው ሁሉ እየሰማው፣ እያወቀው፣ ስለ እሱ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነበር ማለት ነው።

በማግሥቱ ወረታ ወደሚገኘው የመንገድ ሠራተኞች ሰፈር ወረደ። ማናዬ ከአንድ የተሰበረ ጋሪ ሥር ተኝቶ ጎማ ያስተካክላል። ደሳለው ኮቱንና ፊሽካውን አጠገቡ አስቀምጦ ሁሉንም ነገረው፤ ክብሪቱን፣ በርሜሉን፣ ውሸቱን፣ የታይቱን እጅ፣ የአድማሴን በሬ።

ማናዬ ከሥር ወጣ። ፊቱ ቀልቷል።

«ምን ነበር ያልሁህ?» አለ። «ሦስት ነገር ነው ያልሁህ።»

«ይቅጡኝ፣ ካፖ። ለሹሙም ይንገሩ።»

«ሹሙ ፈርዶ ሄዷል። ግንዱንም ሰው ጎትቶ ሊጨርስ ነው። አሁን አንተን ባሳስር በሬው ይነሣል?» እጁን በጨርቅ ጠረገ። «እሳት ድልድይ እንዴት እንደሚበላ ያየ ዘበኛ ሌላ የለኝም። ኮትህን አንሣ።»

«ካፖ፣ እዚያ መቆም አልችልም። ያ ሁሉ ሰው በየቀኑ በፊቴ ያልፋል።»

«ያው ነው ቅጣትህ» አለ ማናዬና ወደ ጎማው ተመለሰ።

ደሳለው ተመልሶ ቆመ። አዲሱ ድልድይ ሲያልቅ ማናዬ ከሥር ያሉትን ግንዶች ሬንጃቸው እሳት እንዳይዝ በጭቃ እንዲመርጋቸው አዘዘው። ደሳለውና እማዋይሽ ጭቃ ከጭድ ጋር አቡክተው መረጉ። «ድልድይም እንደ ቤት ይመረጋል?» ብሎ መንገደኛ ይስቃል። ክረምት ሲመጣ ይረግፋል፤ በጥቅምት እንደገና ይመርጋሉ። ሣሩንም ማጨድ ብቻ አልበቃውም። በየዓመቱ ኅዳር ላይ ከጎረቤት በሬ ለምኖ አጣምዶ የድልድዩን ዙሪያ፣ የራሱን ግጦሽ ጨምሮ፣ አፈሩ እስኪጠቁር ያርሰዋል። ዘር የማይዘራበት እርሻ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት በሬውን ያዋሰው አድማሴ ነው፤ ያው በሬ።

ለታይቱም ከታረሰው መሬት መካከል፣ ከእንጨቱ ርቆ፣ ትንሽ ዳስ ሠራላትና ጉልቻ ተከለላት። መጥታ አየችው። ደህና ነው አላለችም፤ እሳቷን አቀጣጠለች። ደሳለው ከአጠገቧ ቆሞ ቆየና፣

«እትዬ ታይቱ፣ ይቅር ይበሉኝ» አላት።

«ስለ የትኛው?» አለች።

ደሳለው ያሰበው ስለ እሳቱና ስለ ዋርካው ሥር ዝምታው ነበር፤ ያን ለመናገር ነው ቃል ሲያዘጋጅ የሰነበተው። ግን ጥያቄዋን ሲሰማ ሌላ ነገር ከአፉ ወጣ።

«ስለ ምጣዱ።»

ታይቱ ሽምብራዋን አመሰች። የእጇ ጠባሳ ተጨማዶ ጣቶቿ ደህና አይዘረጉም ነበር።

«ምጣዱስ አዲስ ነበር» አለች። «ይቅር ለእግዜር» ያለችው ፋሲካ አልፎ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ እንዲያው በመንገድ ሲተላለፉ ነው። ደሳለው ያን ቀን ቤቱ ገብቶ እህል አልቀመሰም ብላኛለች እማዋይሽ። ደስታ ይሁን ኀፍረት ለይታ አላወቀችም።

በ1956 ዓ.ም. የካቲት ላይ ከሐይቁ በኩል ከዚያ በፊት ያልታየ ሰደድ ተነሣ። ነፋሱ እየገፋው ሜዳውን ሁሉ እየጠረገ መጣ። ደሳለው በርሜሉን ሞልቶ፣ ሳንቃውን በውኃ አርሶ፣ ቅጠል ይዞ ብቻውን ቆመ። ፊሽካውን አልነፋም። ያን ሁሉ ሰው ለራሱ ጥፋት ግንድ አስጎትቶ፣ እንደገና ድረሱልኝ ሊል አፉ አልታዘዘለትም። ሰዉ ግን ሳይጠራ መጣ። አድማሴ መጣ፤ ሴቶቹም በእንስራ ውኃ ይዘው መጡ። እሳቱ ከታረሰው መሬት ዳር ሲደርስ የሚበላው አጣና እየተንፏቀቀ ወደ ጎን ሄደ። ነፋስ የተሸከመው ፍም ሳንቃው ላይ ወደቀ፤ በእርጥብ ቅጠል እየመቱ አጠፉት። ድልድዩ አንድ ሳንቃ እንኳ አልጎደለበትም።

ወዲያው ወደ ደብረ ታቦር የምትወጣ አውቶቡስ ደርሳ ቆመች። ሾፌሩ ወርዶ ጥቁሩን ሜዳና የቆመውን ድልድይ አየና «የዚህ ዘበኛ ማነው? እጁን ልሳመው!» አለ። መንገደኞቹ አጨበጨቡ፣ ሴቶች እልል አሉ።

ያገሩ ሰው ግን አላጨበጨበም። ጠልቶት አይደለም። አንዱ ውኃ ይቀዳል፣ አንዱ ቅጠሉን ያራግፋል፤ ያን ቀን ዋርካው ሥር እንዳደረጉት ሁሉ ስለ እሱ ብለው ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። ደሳለው ይህን አየ። ሾፌሩ የዘረጋውን እጅ ሳይነካ ወደ ወንዙ ወረደና ጥላሸቱን የሚታጠብ መስሎ ከድንጋዩ እግር ኋላ ቆየ። አድማሴ ተከትሎት ወርዶ አጠገቡ ፊቱን ታጠበ።

«ውጣ፣ አውቶቡሷ ሄዳለች» አለው።

የሲሚንቶው ድልድይ በ1960 ዓ.ም. ተሠራ፤ ዘበኛም አላስፈለገው። ለደሳለው ወረታ ላይ የዕቃ ቤት ጥበቃ ሊሰጡት ጠርተውት ነበር፤ አልፈልግም ብሎ ወደ ከብቱ ተመለሰ። ታይቱ ከዚያ በፊት አርፋ ነበር፤ መቃብሯን ከቆፈሩት አንዱ እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት ኖረ። በየካቲት ጎረቤቱ ሁሉ አሮጌ ሣሩን ሲያቃጥል፣ ማንም ሳይጠራው እርጥብ ቅጠል ይዞ ይሄዳል። ከባለመሬቱ ጋር ስለ ጥጃና ስለ ዝናብ እያወራ ይቀመጣል። ባለመሬቱ እሳቱ ጠፍቷል ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ደሳለው ግን ፍሙን በበትሩ እየገለበጠ፣ አመዱን በመዳፉ እየዳሰሰ፣ እስኪበርድ ድረስ ከዚያው ይቆይ ነበር።